ባርኔጣ ያደረገው አህያ

አባቴ ለሌላው ሰው ሁሉ ከሞተ በኋላ ለእኔ አራት ወር ከአሥር ቀን ኖሯል። ያን ያህል ያቆዩልኝ አንድ መጨረሻው የጎደለ የልጆች መጽሐፍና አንድ አህያ ናቸው።

መጽሐፉ ከባሕር ማዶ በሣጥን ታሽገው ለትምህርት ቤታችን ከተላኩት አንዱ ነበር። መምህሩ ሲያድል የሰልፉ ጭራ ላይ ስለነበርኩ ደህና ደህናው አለቀና ምስጥ የቀመሰው ደረሰኝ። ታሪኩ የአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅና የአህያው ነው። አህያው ቢጫ የሣር ባርኔጣ ያደርጋል፤ ካሮት ይበላል። ሽማግሌው ጀልባው ተሰብሮበት ሩቅ ደሴት ላይ ሲጣል የመንደሩ ሰው ሞቷል ብሎ ያለቅሳል፣ ማቅ ይለብሳል። አህያው ብቻ አያምንም። በጀርባው ግራና ቀኝ ቅርጫት አንጠልጥሎ፣ ባርኔጣውን ሳያረጥብ እየዋኘ፣ ለጌታው ዳቦና ደብዳቤ ያመላልሳል። በመጨረሻው ገጽ ላይ አህያው ባሕሩ ዳር ቆሞ ከሩቅ የሚመጣ ነገር ያያል። የሚመጣው ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀረውን ገጽ የበላው ምስጥ ነው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ልጆች ደሴት ባዩ ቁጥር በደስታ ይጮኻሉ። እኔ ላሙ በሚባል ደሴት ላይ ተወልጄ ስምንት ዓመት ስኖር ደሴት የሚያስጮኽ ነገር መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው። ለእኛ ደሴት ማለት ቤት ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ ጨው የበላው ግድግዳ፣ የሁሉንም ጉዳይ የሚያውቅ ጎረቤት። አህያም ቢሆን ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈን የምናሳልፈው ፍጥረት እንጂ ባርኔጣ የሚደረግለት አልነበረም። ግን መጽሐፍ ነው፤ በመጽሐፍ የተጻፈ ደግሞ ውሸት አይሆንም ብዬ አመንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ሆንኩ።

የኛ አህያ ካስካዚ ይባል ነበር። ጀልባዎችን ከሰሜን እየገፋ በሚያመጣው ነፋስ ስም የጠራው አባቴ ነው። ፍጥነት ኖሮት አይደለም። «ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ ነው» ይል ነበር አባ። እኛ ጋ አህያ አይታሰርም። ሲመሽ ጭነቱ ይራገፍለትና ይለቀቃል፤ የማንጎ ልጣጭ፣ ካርቶን፣ ያገኘውን እየበላ ከተማውን ሲዞር ያመሽና በራሱ እግር የጌታው በር ላይ መጥቶ ይቆማል። ማንም ሲጎትተው አያዩም። የሰው ልጅ እንኳ አንዳንዴ ቤቱ ይጠፋዋል፤ የላሙ አህያ ግን ቤቱን አይስትም።

አባቴ፣ ላሊ፣ ጀልባ ሠሪ ነበር። የጀልባ መሥሪያው ከደሴቱ ጀርባ፣ ማቶንዶኒ መንደር ነው፤ በአህያ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሦስት ቀን እኛ ጋ ያድራል፣ ሦስት ቀን እዚያ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ሥራ ነው» ይሉኝ ነበር። ሥራ ነው ካሉ ሥራ ነው። ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የሞተው አዲስ ጀልባ ሊሞክር ወጥቶ ነው። ኪዋዩ ደሴት አጠገብ ጀልባው ዓለት መታ። አስከሬኑን ባሕሩ እዚያው አወጣው፤ እንደ ወጉ በዕለቱ እዚያው ቀበሩት። እኛ የሰማነው በሁለተኛው ቀን ነው። እማ አስቀመጠችኝና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ነገረችኝ።

«ሚዛ፣ አባትሽ ሞቷል። ኪዋዩ ላይ ቀበሩት።»

ሰማኋት። አልደበቀችኝም፤ ይህን ዛሬም እመሰክርላታለሁ። ግን ሬሳ አላየሁም፣ ቃሬዛ አላየሁም፣ ጀልባ ተሰብሯል፣ ደሴት አለ፣ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ መጽሐፉን አንብቤያለሁ።

እማ ኢዳ ተቀመጠች። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፤ ኩል አትኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ባዳ ወንድ አያያትም። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል መስኮቱ ተዘጋ። ፀጉሯ ላይ የምትሰካው ያስሚን አበባ ቀረ፤ የቤታችን ጠረን ተለወጠ። የአባቴ አክስት ቢ ሩቂያ ልታግዘን ብላ ምንጣፏን ተሸክማ መጣችና ቤቱን ተረከበችው። ቢ ሩቂያ ጥርስ የላትም፣ ምላስ ግን ነበራት።

«ልጅቷን ጩኸት አታሰሟት። ሳቅም አታሰሟት። ይሄ ቤት ሐዘን ያለበት ቤት ነው» ትላለች በሩን ለሚያንኳኩ ልጆች። ልጆቹም ማንኳኳት ተዉ።

እኔ ደረጃው ላይ መኖር ጀመርኩ። ላይ እማ አለች፣ ግን የምታየው ግድግዳውን ነው፤ ታች ቢ ሩቂያ አለች፣ እሷ ደግሞ የምታየው እኔን ነው። መሃል ላይ ያለው ስምንተኛው ደረጃ የኔ ሆነ። ምሳዬን እዚያ በላሁ፣ መጽሐፌን እዚያ አነበብኩ፣ በከሰል ቀን እዚያ ቆጠርኩ። «አራት ወር ከአሥር ቀን ሲሞላ ያልቃል» ሲሉ ሰምቼ ነበር። ሰው ለሞተ ሰው ቀን ይቆጥራል? ቀን የሚቆጠረውማ ለሚመጣ ሰው ነው። እማ ኩሏንና ያስሚኗን ለዚያ ቀን ያስቀመጠች መሰለኝ፤ መስኮቱን የዘጋችውም ምስጢሩ እንዳይወጣ።

በክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አንድ ቀን «አባትሽ ሞቶ እንዴት ትስቂያለሽ?» አለችኝ። የሳቅኩት እሷ የማታውቀውን ስለማውቅ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም፤ ሳቋ ጤና አይደለም ተባለ። ብቸኝነቱ ይከብደኝ ነበር። ምስጢር የያዘ ሰው ግን ብቸኝነቱን እንደ ሹመት ይቆጥረዋል፤ እኔም እንደዚያ አደረግሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አባ ወደ ማቶንዶኒ ይሄድበት በነበረው ቀን፣ ካስካዚ ጠፋ። ቅርጫቶቹን ከጀርባው ያወረደለት ሰው አልነበረም፤ እንደ ተንጠለጠሉ ሄደ። ቢ ሩቂያ በር ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ሆና መንገደኛውን ሁሉ ጠየቀች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ራሱ መጥቶ በሩን በግንባሩ ገፋ።

እግሮቹ እስከ ሆዱ ድረስ ጭቃ ነበሩ። የመንገድ ጭቃ አይደለም፤ ጥቁር፣ ጨው ጨው የሚል፣ ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው፣ ማንግሮቭ በሚባለው ዛፍ ሥር ያለው ጭቃ። ከጉልበቱ በላይ ጨው ደርቆ ነጭ መስመር ሠርቷል። ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩት። በግራው ቅርጫት ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ነበር፤ በቀኙ ከዘንባባ የተሠራ አዲስ ማራገቢያ።

በመጽሐፉ ያለው አህያም ቅርጫቱ ግራና ቀኝ ነው።

ቢ ሩቂያ ዓሣውን አሸተተችው። «ምነው፣ አህያው ገበያ ወጣ?» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ማራገቢያውን አገላብጣ አየችና ድምጿ ወረደ። ሁለቱንም ይዛ ወደ እማ ወጣች። እኔ ስምንተኛው ደረጃ ላይ ነበርኩ።

«አየሽ ድፍረት?» አለች ቢ ሩቂያ። «መልሰን እንላከው። ወይም እንወርውረው።»

«ዓሣውን ለልጅቷ ጥበሺላት» አለች እማ።

«ማካ!» አለቻት በስሟ። «አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ግድግዳ?»

«እዚያም ያለው ሰው ይርበዋል አክስቴ። ከሩዙ ስፈሪልኝ። ቴምሩንም አምጪው።»

«የላሊን ቤት ሩዝ ለ—»

«ልጅቷ ደረጃው ላይ ናት» አለች እማ፤ ቢ ሩቂያም አፏን ዘጋች። ይህ ሲሆን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እማ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፎቅ ወርዳ ግቢ ውስጥ ካስካዚ አጠገብ ቆመች። ሩዙን፣ ስኳሩን፣ ቴምሩን፣ አንድ ጠርሙስ ቅቤ በሁለቱ ቅርጫት እኩል አካፈለች፤ ጀርባው እንዳይላጥ። ግንባሩን በግንባሯ ነካችው። «ሂድ» አለችው፤ «መንገዱን ታውቀዋለህ።»

አሁን ሳስበው ያ ሁሉ እንዴት እንደከበዳት ይገባኛል። ያኔ ግን ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እማም ታውቃለች። አባ በሕይወት አለ፤ ካስካዚ ይዋኛል፤ ቢ ሩቂያ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለችው ክፉ ሴትዮ ዳቦውን ልትከለክል ትፈልጋለች። ለምን በግልጽ አትነግሪኝም ብዬ አልጠየቅኋትም። ደብዳቤ ግን ጻፍኩ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ለአባ። ሰዎች ሞተሃል ይላሉ። እኔ ምንም አልነገርኳቸውም። ሩዙን የላከችው እማ ናት። ደሴቱ ላይ የሚጠጣ ውሃ አለ? ሚዛ።» ለማሳመር ብዬ ከሥሩ ካስካዚን ባርኔጣ አድርጌለት ሣልኩት፤ ባርኔጣው ላይ ጥብጣብ አለ። አጣጥፌ ሩዙ ሥር ቀበርኩት።

ካስካዚ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ከቅርጫቱ ሥር፣ በዓሣው ቅጠል ውስጥ፣ ከዘንባባ የተጎነጎነ አንድ ጣት የሚያክል አህያ አገኘሁ። ባርኔጣ አድርጓል። ባርኔጣው ላይ ጥብጣብ አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ሊያሳምነኝ ይችላል? በላሙ ደሴት ላይ ባርኔጣ ያደረገ አህያ የሚያውቁት እኔና ያ መጽሐፍ ብቻ ነን፤ ሦስተኛ ቢኖር ደብዳቤዬ የደረሰው ሰው ነው። አሻንጉሊቱን ትራሴ ሥር ደበቅሁት። ቀን ቀን ደረጃው ላይ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያየዋለሁ።

በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ እማ ቅርጫቱን ትሞላለች፤ እኔ ሥር ሥሩን ደብዳቤዬን እጨምራለሁ። ሁሉም አጫጭር ነበሩ። «አባ፣ ሁለት ጥርሴ ወለቀ።» «አባ፣ ቢ ሩቂያ ያንተን ትራስ ወሰደችው፣ ስትመጣ ተቀበላት።» «አባ፣ ዛሬ ማንም አላናገረኝም፤ አንተንስ የሚያናግርህ አለ?» ከእያንዳንዱ ሥር ካስካዚን እሥላለሁ፤ አንዴ ጃንጥላ ይዞ፣ አንዴ ጫማ አድርጎ። ካስካዚም የዘንባባ ጃንጥላ የያዘ፣ የዘንባባ ጫማ ያደረገ አህያ ይዞልኝ ይመለሳል። ጥያቄዎቼን ግን አባ መልሶ አያውቅም። ወረቀት አጥቶ ነው አልኩ። አንድ ጊዜ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ላክሁለት፤ ወረቀቱም እርሳሱም ቀሩ። ያን ሳምንት ደረጃው ላይ አልቅሻለሁ።

ቆጠራው ወደ መቶ ሲጠጋ አንድ ጠዋት እማ ከቅርጫቱ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ ነገር አገኘች። እዚያው ግቢው ውስጥ ቆማ ፈታችው። ፀጉር ነበር፤ በጣም ጥቁር፣ እፍኝ የማይሞላ። እማ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችውና መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ ነይ እዪ» አለች። «ዳር ዳሩ ይጠቀለላል። የላሊ ፀጉር ነው።»

ቢ ሩቂያ ጎንበስ ብላ አየች። ልትሳደብ ነው ብዬ ስጠብቅ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሁለቱም ሲያለቅሱና ሲስቁ አየሁ። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ሦስት ወር አልፎ ነበር።

እኔም ዳር ቆሜ ሳቅሁ። እነሱ ሳያዩ ፀጉሩን በጣቴ ነካሁት፤ ለስላሳ ነበር። አባ ፀጉሩ ሻካራ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የባሕር ውሃ አለስልሶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ፀጉሩ እንደሚላጭ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ሲላጩ አይቻለሁ። ግን የሚፈልገውን ያገኘ ሰው ሌላ አይፈልግም።

ኢዳው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው እማ ጠራችኝ። «በሚመጣው ሳምንት ስወጣ መጀመሪያ የምንሄደው ካስካዚ ወደሚሄድበት ነው» አለችኝ። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ። እዚያ የምታዪውን ደግሞ በደንብ ነው የምታዪው፤ እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ዓይኔ ውስጥ ያለውን ደስታ አይታ ግር አላት፤ ምን ሆነሽ ነው አላለችኝም። የመጨረሻውን ደብዳቤ በዚያን ዕለት ጻፍኩ።

በአንድ መቶ ሠላሳኛው ቀን ማግስት እማ ታጠበች፣ ተኳለች፣ ቢ ሩቂያ ራሷ ያስሚን ሰካችላት። እኔ የዒድ ቀሚሴን ለበስኩ። የአባን ጫማ በከረጢት ያዝኩ፤ ደሴት ላይ አራት ወር የከረመ ሰው ጫማው ሳያልቅ አይቀርም። እማ ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቀችም። በሩ ላይ ስትደርስ የመንገዱ ፀሐይ ዓይኗን ወጋት መሰለኝ፣ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ካስካዚ ላይ አስቀመጠችኝና እሷ በእግሯ ሄደች።

ካስካዚ ወደ ጀልባዎቹ ሳይሆን ወደ ደሴቱ መሃል ሲታጠፍ ትንሽ ደነገጥሁ። አሸዋውንና የኮኮናት እርሻውን እናቋርጣለን፤ ባሕር የለም። ይዋኝ የለም እንዴ? ዞሮ ይሆናል አልኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ማንግሮቩ መጣ፤ ሞልቶ የገባ የባሕር ውሃ መንገዱን ቆርጦት ነበር። ካስካዚ ሳያመነታ ገባበት። ውሃው እስከ ሆዱ ደረሰ። ጥቁሩ ጭቃ እግሩን ቀባው። እማ ልብሷን ሰብስባ ከኋላ ተሻገረች። ወዲያ ማዶ ማቶንዶኒ ነበር፤ የእንጨት ምሰሶ የመሰለ ያላለቀ የጀልባ አጥንት፣ የቤቶች የዘንባባ ክዳን። ካስካዚ ከዳር ያለች አንዲት ትንሽ ቤት ጋ ደርሶ በሩን ሊገፋ ግንባሩን አዘነበለ።

በሩ ግን ክፍት ነበር። መድረኩ ላይ ሕፃን የታቀፈች ቀጭን ሴት ቆማለች። ከአህያው ጀርባ ላይ ሆኜ በትከሻዋ በላይ አየሁ፣ ዘልዬ ወረድኩና በጎኗ አየሁ፣ በክንዷ ሥር አልፌ ገባሁ።

«አባ!»

አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ እንስራ፣ ያላለቀ ምንጣፍ። የአባ መዶሻና መጥረቢያ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ የተሰነጠቀ የዘንባባ ቅጠል ተበትኗል፤ ከመሃሉ ግማሹ ያለቀ አንድ አህያ አየሁ። ባርኔጣው ገና አልተሠራም።

«አባስ የት አለ?» አልኳት።

ሴትዮዋ እማን አየች። «ሐዋ» አለች እማ ቀስ ብላ፤ ስሟን ስትጠራ የሰማሁት ያኔ ነው። «ለልጅቷ ስላንቺ አልነገርኳትም። መጥታ በዓይኗ ትይሽ ብዬ ነው።»

«ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አህያውን አንስቼ አሳየኋት።

«እኔ ነኝ።»

«ደብዳቤዎቼስ?»

ሐዋ ሕፃኑን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገችው። «አሉ፣ አስቀምጫቸዋለሁ። ማንበብ አልችልም ልጄ። ሥዕሉን እያየሁ ነው የሠራሁት። አህያ ባርኔጣ ማድረጉ ገርሞኝ ነበር። እንዲያነብልኝ የምጠይቀው ሰው ደግሞ የለኝም፤ እኔም እንደ እናትሽ ቤት ዘግቼ ነበር።» ወደ ካስካዚ ተመለከተች። «መጀመሪያ ጊዜ ካስካዚ ብቻውን መጥቶ በሬን ሲገፋ፣ ላሊ እንደ ሞተ አውቃለሁ፣ ነግረውኛል፤ ግን ወጥቼ ከኋላው አየሁ።»

«ያንቺ አይደሉም!» ብዬ ጮኽኩባት። «ደብዳቤዎቹ ያንቺ አይደሉም!»

የአባን ጫማ እዚያው ጥዬ ወደ ባሕሩ ሮጥኩ።

ያላለቀው ጀልባ ሥር እማ አገኘችኝ። አዲሱን ልብሷን ሳትሰበስብ ጭቃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሚዛ፣ ነግሬሽ አልነበረም?»

«ነግረሽኛል። መጽሐፉ ግን—»

«የቱ መጽሐፍ?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ተሰበረው ጀልባ፣ በከንቱ ስላለቀሰው የመንደር ሰው፣ ስለሚዋኘው አህያ። እማ ማንበብ አትችልም ነበር። አላቋረጠችኝም፤ አልሳቀችም። ስጨርስ «መጨረሻውስ?» አለችኝ።

«ምስጥ በልቶታል።»

እማ ባሕሩን አየች። «እንግዲያው መጨረሻውን እኔ ልንገርሽ» አለች። አባን ያጠበው የኪዋዩ መስጊድ ሙአዚን እንደሆነ፣ የከፈኑት አንዲት ሴት ለራሷ መከፈኛ ባስቀመጠችው ጨርቅ እንደሆነ፣ መቃብሩ አንድ የጎበጠ ዛፍ ሥር፣ ከአሸዋው ከፍ ብሎ እንዳለ ነገረችኝ። ቀኝ እጁ ላይ መዶሻ የመታው ጥፍሩ እንዳልዳነ ሳይቀር ነገረችኝ። «ይኸው ነው መጨረሻው። አይመጣም። እኔም እፈልገው ነበር፤ አይመጣም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ሞተ። እማ ጭቃው ላይ እንደ ተቀመጠች አቅፋኝ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

«እሷን ትወጃታለሽ?» አልኳት በኋላ።

«ሐዋን? ጣውንቴ እኮ ናት» አለች እማ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አልወዳትም። ግን እኔ አንቺ አለሽኝ፣ ቢ ሩቂያ ከነምላሷ አለችኝ። እሷ ሌላ ግድግዳ ውስጥ፣ እርጉዝ ሆና፣ ብቻዋን ነበረች። ዓሣ የላከችልኝ እኮ የራሷን እራት ነው።»

ወደ ቤታችን ለመመለስ ስናልፍ ሐዋ በሯ ላይ እንደ ቆመች ነበር። አላየኋትም፤ ማለቴ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኳት። ቤት ስገባ የዘንባባ አህዮቹን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ባርኔጣ ያደረገው የመጀመሪያው ብቻ ትራሴ ሥር ተረስቶ ተረፈ።

ካስካዚ ግን እኔን አልሰማም፤ እስኪያረጅ ድረስ ሦስት ቀን እዚህ፣ ሦስት ቀን እዚያ ሲመላለስ ኖረ። ውሎ አድሮ እኔም እሱን እየተከተልኩ መመላለስ ጀመርኩ። ያ ሕፃን ፋማው ይባላል፤ ወንድሜ ነው። መራመድ የተማረው ጥያቸው በሄድኩት ጫማዎች ውስጥ ሁለት እግሩን ከትቶ እየጎተተ ነው፤ እስኪበጣጠሱ ድረስ አደረጋቸው።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ለትልልቅ ሴቶች የማስተምርበት ክፍል ነበረኝ። አርባ ዓመት ያለፋት ሐዋ አንድ ቀን በአህያ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። «የልጅ እጅ ጽሑፍ ለማንበብ ይከብዳል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከትልቅ ሰውማ ይቀላል» አልኳትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ለምን እንደ ጠየቀችኝ አላሰብኩበትም። ደብዳቤዎቹን ያን ቀን ከጮኽኩባት በኋላ አቃጥላቸዋለች ብዬ አምን ነበር።

ሐዋ ባለፈው ዓመት ሞተች። ፋማው ከአርባዋ በኋላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ቤቴ መጣ። እሱም ጀልባ ሠሪ ነው፤ ፀጉሩ ዳር ዳሩ ይጠቀለላል።

«ከእናቴ አልጋ ሥር ነው ያገኘሁት» አለኝ። «ስምሽ አለበት። አንብቤዋለሁ፣ አትቆጪኝ። አባቴን የማውቀው በሰው ወሬ ነበር፤ እዚህ ውስጥ ግን ሰው ሲያናግረው አየሁ።»

አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ የተጣጠፉበት መስመር ብርሃን ያሳልፋል። ጃንጥላ የያዘው አለ፤ ጫማ ያደረገው አለ። እኔ የላክሁት ባዶ ወረቀት ከነእርሳሱ አለ፤ ባዶ አልነበረም፣ ከላይ እስከ ታች «ሀ» እና «ለ» ለመጻፍ በሚታገል ሰው እጅ ተሞልቷል።

የመጨረሻውን ዘረጋሁት። በስምንት ዓመት እጄ እንዲህ ይላል፦ «አባ፣ በሚመጣው ሳምንት እንመጣለን። ቀድሜ እንዳይህ በር ላይ ቆመህ ጠብቀኝ። ሚዛ።»

ከሥሩ፣ ከአህያው ባርኔጣ አጠገብ፣ እኔ ራሴ ባስተማርኳት ጎባጣ ፊደል አንድ መስመር ተጽፏል፦

«ቆሜ ነበር። ሐዋ።»